የማንም ወገን ያልሆነች ሠርገኛ

ንግሥቲ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነችው ወዳ አይደለም። ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ሾላ ገበያ በርበሬ ስትመርጥ ነበር የዋለችው። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ጎረቤቶቿ በጭብጨባ ተቀበሏትና «እንኳን ደስ አለዎት፣ በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጡት» አሏት። ድምፁ ሙሉ የሆነው እሷ ስላልነበረች እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረች፤ ማንም አልሰማትም። ይኸው ስድስት ዓመት አለፈ።

ሕንፃው ለሚ ኩራ ውስጥ ነው፤ ባለ አራት ፎቅ፣ ሠላሳ አባወራ ያለበት። ፓምፕ ሲበላሽ ንግሥቲ ትጠራለች። አራተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ሁለተኛ ፎቅ በተሰጣው ላይ ሲያንጠባጥብ ንግሥቲ ትጠራለች። ለበዓል የተገዛ በግ ደረጃ ላይ ታስሮ አድሮ የሰው ጫማ ሲያኝክ ንግሥቲ ትጠራለች። ባሏ ተኽላይ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሁለት የማንቂያ ደወል ካልጮኸ የማይነሳ ሰው ስለሆነ፣ በሩ ቢደበደብም የሚሰማው ነገር የለም።

ከነዋሪዎቹ ሁሉ ግን የሦስተኛ ፎቁን አቶ ኣፅብሃን የሚስተካከል አልነበረም። የጭነት ክፍል አለቃ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላሉ።

«ወይዘሮ ንግሥቲ፣ ውሃ አልመጣም።»

ውሃ በመጣ ቀንም ይደውላሉ።

«ወይዘሮ ንግሥቲ፣ ውሃ መጥቷል። ግን ግፊት የለውም።»

መጀመሪያ የግራ ዐይኗ ቆብ መርገብገብ ያዘ። ከዚያ እንቅልፏ ተቆራረጠ። አንድ ቀን ሻይዋ ውስጥ ስኳር መስሏት ጨው ጨመረችና ሳይታወቃት እስከ መጨረሻው ጠጣችው። የባሰው የመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴው ተጋምሶ ሳለ ከኋላዋ የቆመች ሴት «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ለማለት ትከሻዋን ነካ ብታደርጋት፣ ንግሥቲ ዞር ብላ «ውሃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለቀቃል!» አለች። ያውም ጮክ ብላ። ዲያቆኑ ሳይቀር ዞሮ አያት።

ማግስቱን ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ራህማ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ሁለት ጊዜ ለካቻት፤ ሁለቴም ቁጥሩን አልወደደችውም።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?»

«የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ።»

ራህማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷም የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። «ኪኒን ከመጀመራችን በፊት ሁለት ወር እንሞክር» አለች ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ጨው ይቀንሱ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ዛፍ ያለበት ቦታ ሄደው ቁጭ ይበሉ። ስልክዎን ዘግተው።»

«ዛፍ የት ነው ያለው ልጄ?»

ራህማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ንግሥቲም አየች። ክሬን፣ የብሎኬት ክምር፣ ጥቁር የውሃ ሮቶ፣ ከዚያ ሌላ ክሬን።

«አይጠፋም፤ ይፈልጉ» አለች ራህማ፣ ራሷም ብዙ ሳታምንበት።

ንግሥቲ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ስለሆነች ፈለገች። መጀመሪያ ያገኘችው አዲሱ መንገድ አካፋይ ላይ የተተከሉትን ችግኞች ነው። ጉልበቷን አይደርሱም፤ የሁሉም ጥላ ተደምሮ አንድ ጫማ ቢሸፍን ነው። ቢሆንም ስልኳን ዘግታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደንብ አስከባሪ መጣ።

«እናቴ፣ ምን ሊሸጡ ነው?»

«ምንም አልሸጥም፤ እየተረጋጋሁ ነው።»

«እዚህ መረጋጋት ክልክል ነው» አላት።

መሐል ከተማ ያሉት ትልልቅ ፓርኮች እንደሚያምሩ ሰምታለች፤ ግን ሦስት ታክሲ ያስይዛሉ። ለመረጋጋት ብሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት መጋፋት አልዋጥላት አለ። ከቤቷ ሩብ ሰዓት በእግር ርቀት ላይ ግን አንድ የድንጋይ አጥር አለ። ከአጥሩ በላይ የዋንዛ፣ የዝግባና የአኻያ ጫፍ ይታያል። መንደሩ ገና እርሻ በነበረበት ጊዜ የተሠራ የድሮ ቪላ ግቢ ነው። በሩ ላይ «የሠርግ ፎቶ ማንሻ። ያለ ፕሮግራም መግባት አይቻልም» የሚል ተለጥፏል።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ፣ እዚያ በር ላይ ቆመች። ጥበቃው ገብረዋሕድ ይባላል፤ ካፖርቱን ፀሐይ ላይ እንኳ የማያወልቅ ሽማግሌ።

«አንድ አፍታ ቁጭ ብዬ ልውጣ» አለችው።

«ፕሮግራም አለዎት?»

«ፕሮግራሜ መቀመጥ ነው።»

«መቀመጥ ፕሮግራም አይደለም እቴ።»

ይህን እየተባባሉ ሳለ ስምንት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ መጣ። ሚዜዎች ወረዱ፣ ሴቶች ተንጋግተው ወረዱ፣ ቬሎዋን አራት ሰው የተሸከመላት ሙሽራ ወረደች። እልልታው ሲቀልጥ ንግሥቲ አንዲት ቅጽበት አሰበች፤ ምናልባትም አላሰበችም። ለለቅሶ የለበሰችውን ነጠላ ጥለቱን አዙራ ለደስታ አስተካከለችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «እልልልል!» አለችና ከሴቶቹ መሐል ገብታ አለፈች። እልልታዋ ከሁሉም የበለጠ ስለነበር ሙሽራዋ ራሷ ዞራ ፈገግ አለችላት።

ሠርገኛው ለፎቶ ወደ ደረጃው ሲሄድ እሷ ወደ ጓሮ ተጠመዘዘች። ከቀርከሃው ጀርባ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ከእግሩ ሥር ጠባብ ቦይ ይፈሳል። ውሃው በፓምፕ የሚዞር መሆኑን ከድምፁ አወቀች፤ ስድስት ዓመት ከፓምፕ ጋር የኖረች ሴት ናት። ግን ይሄኛው ፓምፕ የሌላ ሰው ራስ ምታት ነው! ይህን ስታስብ ብቻዋን ሳቀች። ስልኳን ዘጋች።

ዋንዛው ላይ የዱር ርግቡ ዋኔ ይጮኻል። ከአጥሩ ወዲያ መንገድ የሚዳምጠው ማሽን ያጉረመርማል፤ ወያላ «ሰሚት፣ ሰሚት፣ ሁለት ሰው!» ይላል፤ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ እያለ ያልፋል። ያው የለመደችው ጫጫታ ነው። ቅጠል አጣርቶት ሲመጣ ግን የሚጠራው እሷን አልነበረም። ወያላው ሁለት ሰው ቢያጣ ጥፋቱ የኮሚቴው አይደለም፤ አውሮፕላኑም ቢዘገይ ለንግሥቲ አይደወልም። ትከሻዋ ሳይታወቃት ወረደ። ተነስታ ስትወጣ የግራ ዐይኗ ቆብ አልተንቀሳቀሰም። ቤቷ ስትደርስ ደጃፏ ላይ ሰባት ሰው ቆሞ ጠበቃት፤ ሰባቱንም በየተራ አዳመጠቻቸው፣ ማንንም አልነከሰችም።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጭ የሀገር ልብሷን ከሣጥን አወጣች። ለራሷ ሕግ አወጣች፦ ምግብና መጠጥ አትነካም፣ ከፎቶ ቦታው ወደ ድግሱ አትከተልም፣ ማንንም አታስቀይምም። የሙሽራው ዘመዶች ሲጠይቋት «ከሙሽራዋ ወገን ነኝ» ትላለች፤ የሙሽራዋ ሲጠይቋት «ከሙሽራው ወገን»። የፕሮቴስታንት ሠርግ ሲሆን «ሃሌ ሉያ» ስትል ከማንም አታንስም፤ የሙስሊም ሲሆን ሻሿን አስተካክላ ከእናቶቹ ጋር ትመርቃለች። ምርቃቷ የእውነት ነው፤ ለገባችበት ቤት መመረቅ አለባት ብላ ታምናለች።

ገብረዋሕድ በሁለተኛው ሳምንት ነቅቶባታል። ግን አላባረራትም። በሩን እየከፈተ፣ ከንፈሩን ብዙ ሳያንቀሳቅስ፣ «ዛሬ የማን ነዎት?» ብቻ ይላታል።

«የሙሽራው አክስት።»

«እግዜር ያኑራቸው። ይግቡ።»

አንድ ቅዳሜ ግን ተያዘች። የሙሽራው እህትና የሙሽራዋ አክስት አንድ ላይ መጥተው ግራና ቀኝ ቆሙባት። «የማን ወገን ነዎት?» አሏት በአንድ አፍ። ሁለቱም መውጫ ተዘጋ።

«የፎቶ አንሺው እናት ነኝ» አለች ንግሥቲ።

የግቢው ቋሚ ፎቶ አንሺ እዝራ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበርና ሰማ። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አያት። ሴቶቹም እሱን አዩት።

«እማዬ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ አላልኩሽም?» አለ። «ጥላው ውስጥ ግቢ።»

ሰዎቹ ሲበተኑ ወደ ቀርከሃው ጀርባ ተከትሏት መጣ። «እናቴ፣ ባለፈው ሳምንት የሙሽራው አክስት ነበሩ። ከዚያ በፊት የሙሽራዋ ክርስትና እናት። የአራት ሠርግ አልበም ላይ አሉ እኮ። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ግፊት አለብኝ» አለችው፤ ነገሩን ሁሉ አጫወተችው። እዝራ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያ «የእኔ ሙሽሮች ደግሞ ከእርስዎ ይብሳሉ» አላት። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ በዚህ መንገድ መዘጋጋት መጥተው ‹ፈገግ በይ› ስላቸው የሚስቁት የጥርስ ሕመም እንደያዘው ሰው ነው። አንዳንዶቹን እዚህ አምጥተው አምስት ደቂቃ ቢያስቀምጡልኝ?»

ንግሥቲ ተስማማች። ከዚያ በኋላ «የቬሎ አስተካካይ» ተብላ ሙሽሮቹን ወደ ቦዩ ትወስዳለች። ምክር አትሰጥም። «ጫማሽን አውልቂ፤ ውሃውን እዪ» ትላለች፤ በቃ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው የራሳቸው ፊት ይሆናል፤ እዝራም ቶሎ ብሎ ያነሳቸዋል።

የግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ የአቶ ኣፅብሃ ልጅ የሮዳስ ሠርግ ነበር። ንግሥቲ አልተጠራችም። በመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ከአባትየው ጋር ተኳርፈው ነበርና፣ አቶ ኣፅብሃ ከሕንፃው ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ለይተው አስቀርተዋታል። ንግሥቲ ቅር ቢላትም አልተናገረችም፤ ፎቶው መሐል ከተማ እንደሆነ ብቻ አጣርታ፣ ከሌላ ሠርግ ጋር ተደባልቃ ወደ ጓሮዋ ገባች።

ያን ዕለት ግን የመንግሥት እንግዳ ያልፋል ተብሎ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። የሮዳስ ሠርገኞች ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ከተቀቀሉ በኋላ አዙረው ቅርብ ወዳለው ወደዚሁ ግቢ መጡና ገብረዋሕድን ለምነው ገቡ። ንግሥቲ ዐይኗን ጨፍና ዋኔዋን እያዳመጠች ሳለ አንድ ድምፅ ሰማች። የግራ ዐይኗ ቆብ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ።

«ይህ መኪና ለምን እዚህ ቆመ? ኃላፊው ማን ነው? ኃላፊውን ጥሩልኝ!»

አቶ ኣፅብሃ ናቸው። ንግሥቲ እግሯን ሰብስባ ቀርከሃው ውስጥ ተወሸቀች። ብዙ ሳይቆይ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና ሌላ ሰው ገባ፤ ቬሎዋን በሁለት እጇ የሰበሰበች ሙሽራ። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ።

«እትዬ ንግሥቲ!» አለች ሮዳስ። «አባዬ እኮ አልጠራኋቸውም ብሎኝ ነበር።»

«አልጠሩኝም። እኔም አልመጣሁም።»

ሮዳስ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። «መተንፈስ አቃተኝ። ከሌሊት ጀምሮ ሁሉም ያዘኛል። ቁሚ፣ ተቀመጪ፣ ዙሪ። አባዬ ሹፌሮቹ ላይ ሲጮህ፣ ሚዜዎቹ ሲጣሉ … ልቤ ሊወጣ ነው።»

ንግሥቲ ከነቬሎዋ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻት። ጫማዋን አወለቀችላት፤ የራሷንም አወለቀች። ሮዳስ እግሯን ቦዩ ውስጥ አስገብታ ቅዝቃዜው ሲነካት ተንሰፈሰፈች።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለች ትንሽ ቆይታ።

«ምንም። እኔ ሁልጊዜ የምመጣው ምንም ላለማድረግ ነው።»

 ከአጥሩ ወዲያ ማሽኑ ያጉረመርማል። አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ ሌላ አለፈ። የሮዳስ ትንፋሽ ከአጭር ወደ ረጅም ሲቀየር ንግሥቲ በጆሮዋ ተከታተለችው። ግቢው ውስጥ «ሙሽራዋ የት ገባች?» የሚል ጩኸት ተነስቷል፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ያገኟቸው አባትየው ናቸው። ቀርከሃውን በክርናቸው ገፍተው ገቡና ልጃቸውን አዩ፤ ንግሥቲን አዩ፤ ባዶ እግሮቹን አዩ።

«ወይዘሮ ንግሥቲ!» አሉ። የለመዱት ቀደማቸውና «ጠዋት ውሃ አልነበረም!» አሉ።

«አባዬ» አለች ሮዳስ ቀስ ብላ፣ «ተቀመጥ።»

«ሰው እየጠበቀን ነው …»

«ተቀመጥ እስቲ። እኔ ነኝ የማገባው።»

አቶ ኣፅብሃ በዕድሜያቸው ታዘው የሚያውቁ አይመስሉም፤ ግን ተቀመጡ። አዲሱ ጫማ እግራቸውን እየበላቸው እንደነበር ያወቁት ያን ጊዜ መሆን አለበት፤ ማሰሪያውን ፈቱና አወለቁት፤ ከዚያ ካልሲውን። ውሃው ሲነካቸው «እህህ» አሉ፣ እንደ ሕፃን።

ውሃውን እያዩ፣ ወደ ንግሥቲ ሳይዞሩ ተናገሩ። «ሥራ ላይ ሳለሁ አርባ ሰው ነበር የማዝዘው። ጠዋት ተነስቼ ለአርባ ሰው ነበር የምደውለው። ጡረታ ስወጣ ስልኩ ዝም አለ። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ንግሥቲ ዞራ አየቻቸው። ለስድስት ዓመት ስትረግመው የኖረችው ጥሪ እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው ብላ ገምታ አታውቅም። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደሩ ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለች።

አቶ ኣፅብሃ አሰቡበት። «አልመጣልኝም» አሉ።

እዝራ ቀርከሃውን ገለጥ ሲያደርግ ሦስቱ እየሳቁ ነበር። እዚያው አነሳቸው፤ ቬሎ፣ ከረባት፣ ስድስት ባዶ እግር። ያ ፎቶ ዛሬ በሮዳስ ሳሎን ውስጥ ከሁሉም ጎልቶ የተሰቀለው ነው። ንግሥቲም ያን ዕለት ሕጓን ጥሳ ድግሱ ላይ ገባች፤ አቶ ኣፅብሃ እጇን ይዘው ነው ያስገቧት።

ጉዳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምስጢር መጠበቅ አቶ ኣፅብሃ ካልተማሯቸው ነገሮች አንዱ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ነጭ የለበሱ አምስት የሕንፃው ነዋሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ሠርግ ይጠብቁ ነበር። ገብረዋሕድ ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ ወጣ።

«ከአንድ ሕንፃ ከሁለት አክስት በላይ አላስገባም» አለ።

በሰኔ ንግሥቲ ወደ ራህማ ተመለሰች። ራህማ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ቁጥሩን ወደደችው።

«ምን አደረጉ?»

«ሠርግ አበዛሁ።»

«ሠርግ! ቅባትና ጨው አይደለም እንዴ?»

«አልበላም ልጄ። ቁጭ ብዬ እመጣለሁ።»

ራህማ ካርዱ ላይ ምን እንደምትጽፍ ግራ ገባት።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሠርግ ቆመ። ዝናቡ ይወርዳል፣ በሩ ተዘግቶ ይውላል፣ ንግሥቲም በአጥሩ ሥር ጃንጥላ ይዛ ትመላለሳለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና የግቢው ባለቤት ወይዘሮ የሺአረግ በምርኩዝ ወጡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የሰላ ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ የሁሉም አክስት?» አሏት።

ንግሥቲ መሬት ብትውጣት በወደደች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ …»

«ከፎቅ መስኮቴ ሳይሽ ነው የከረምኩት። ዘንድሮ ስንት ሙሽራ እንደዳርሽ እኔ ነኝ የማውቀው።» ምርኩዛቸውን ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «ክረምት ሠራተኛ የለኝም፤ አረሙ ደግሞ ጉልበቴ ደርሷል። ከእነዚያ ከነጫጮቹ ጎረቤቶችሽ ጋር ማክሰኞና ሐሙስ መጥታችሁ ብታርሙልኝ፣ ከዚያ እስክትጠግቡ ተቀመጡ።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሕንፃው ሰው የዝናብ ልብሱን ለብሶ አረም ይነቅላል። አቶ ኣፅብሃ አራሚዎቹን መስመር አስይዘው ሥራ ያከፋፍላሉ፤ ስምንት ሰው ሲያዙ ድምፃቸው ይጠራል፣ ጉንጫቸውም ይሞላል። ለንግሥቲ አሁንም ይደውላሉ፤ ግን እንደ ድሮው በየቀኑ አይደለም፣ ያውም ብዙ ጊዜ ስለ አረም።

መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምትም ገብቶ ሠርግ ሲጀመር፣ ወይዘሮ የሺአረግ ንግሥቲ በማንኛውም ቀን በነፃነት እንድትገባ ለገብረዋሕድ ነገሩት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገብረዋሕድ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተላት፤ «ይግቡ፣ ቤትዎ ነው» አላት። ንግሥቲ ግን አልገባችም። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አጥሩ ጥግ ቆመች። ከሩቅ የክላክስ ድምፅ ሲመጣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ምነው? ተፈቀደልዎት እኮ!» አለ ገብረዋሕድ።

«ተፈቅዶ ሲገባ ያን ያህል አይጥምም» አለችው፤ መኪኖቹም ቆሙ።